አባባ የሚያዩአቸው እንግዶች

ደባርቅ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘቢደር ገብረ ኪዳን፣ ዓማን፤

ዘቢዬ፣ የደመራው ብርሃን ባለሽበት ይድረስሽ። የቆምሽበት መሬት አይክዳሽ፤ የሰው አገር ሰው በዓይኑም በእጁም ክፉ አያሳይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ለመስቀል ስድስት ቀሚስ ሰፋሁ። አባባ ጠዋት ጠዋት በጸሎታቸው ስምሽን ከእኔ አስቀድመው ይጠራሉ። አልቀናሁም፤ ሩቅ ያለ ይቀድማል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ኔትወርኩ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ብቅ ሲልም ሰው ሁሉ ጉብታው ላይ ተኮልኩሎ ነው የሚጮኸው፤ የእኔ ነገር ደግሞ ጉብታ ላይ የሚወራ አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት። ጎንደር የሚመላለሰው ሾፌር ፀጋው ይወስደዋል፤ ከዚያ ወዲያ መንገደኛ ለመንገደኛ እየተቀባበለ ያደርስልሻል።

የምለምንሽ መነጽር ነው። የአባባ ዓይን ደክሟል። ለደብሩ የጀመሩትን ዳዊት ታስታውሽ የለ? መስመሩን ሲጀምሩ ፊደላቸው ያው የምናውቀው ነው፤ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ግን የጤፍ ፍሬ ያክላል። ብርዑን ቀለም ውስጥ ነክረው፣ ብራናው ላይ ሳያሳርፉ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ሲራመዱም እግራቸውን አያነሡም፤ መሬቱን እየፋቁ ነው። «ሰባ ስድስት ዓመት የተሸከመ እግር ቢጎተት ምን ያስደንቃል?» ይሉኛል።

ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰፋ፣

«አገሬ፣ ለልጆቹ መቀመጫ ስጫቸው እንጂ» አሉኝ አባባ።

«የትኞቹ ልጆች?»

«እኒያ፣ ከግድግዳው ሥር ያሉት። ሦስት ናቸው። ልብሳቸው ርሷል፤ ይበርዳቸዋል።»

ግድግዳው ሥር ማንም አልነበረም። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው የረጋ ነበር። ምን እንደማደርግ ሲጠፋኝ በርጩማ አምጥቼ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ደህና ሆነው ተነሡ፤ ራሳቸው አስታውሰው «ትናንት ምን ነክቶኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ግን ልጆቹ ይመላለሳሉ። ዓይን ሲደክም የሌለ ያሳያል ይባላል፤ እኔም እንዲያ ነው ብዬ ይዣለሁ።

ዝናሽ ጎረቤታችን አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሰምታ ኖሯል። ከወፍጮ ስንመለስ፣ «የኔታ ግን ክታብ ይጽፉ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«በዕድሜያቸው ጽፈው አያውቁም።»

«እኔስ ምን አልኩ! ብቻ መጽሐፍ የገለበጠው ሰው እንዲያ ያያል ይባላል» ብላ ዱቄቷን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረች።

ይህ ስም አንዴ ከወጣ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ። አስማት ሲደግም አጋንንቱ ዞሩበት የተባለ ጸሐፊ፣ የጻፈው ዳዊት ከየቤቱ ይወጣል። አባባ ከዳባት እስከ ሊማሊሞ ሥር ድረስ ስንት ቤት ዳዊት ጽፈዋል! አርባ ዓመት ሙሉ ለክታብ የመጣባቸውን ሰው ሁሉ ከደጅ የመለሱ ሰው እንዲህ ሊባሉ አይገባም። ለማንም አትንገሪ። መነጽሩን ብቻ ላኪልኝ።

እህትሽ አገርነሽ


ዓማን፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም አገርነሽ፤

እታለም፣ ጉልበትሽን ያጽናው፤ የዓይንሽን ብርሃን ለመርፌሽም ለአባባም ያቆይልን። ደብዳቤሽን አምስት ጊዜ አነበብኩት። በርጩማውን ማምጣትሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ አለቀስኩ።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ነገር ግን እታለም፣ የዓይን ነገር አይመስለኝም። የምጠይቅሽን ቁጭ ብለሽ መልሺልኝ። በእንቅልፋቸው ይጮኻሉ? ይራገጣሉ? እናታችን በሕይወት ሳለች «አባታችሁ በሕልሙ ይዋጋል» ብላ ከእኛ ጋር ትተኛ እንደነበር ትዝ ይልሻል? በርበሬ ሲታመስ ይሸታቸዋል? ከመቀመጫቸው ሲነሡ ያዞራቸዋል? አንድ ቀን ጠዋት እንደ ድሯቸው ሆነው፣ ከሰዓት በኋላ የት እንዳሉ ይጠፋባቸዋል? ልጆቹስ ያናግሯቸዋል ወይስ ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት?

ለምን እንደምጠይቅሽ ልንገርሽ። እኔ የማስታምማቸው ማማ ሱዓድ ድመት ያያሉ። እዚህ ቤት ድመት ኖሮ አያውቅም። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን «ድመት የለም» ብዬ ስከራከራቸው፣ «እንግዲያ እኔ አብጃለሁ ማለትሽ ነው» ብለው አለቀሱ። ቆይቼ ሌላ አነጋገር ተማርኩ። «እኔ አላየኋትም፤ እርስዎን አስፈራችዎት?» እላቸዋለሁ። ካላስፈራቻቸው እንተዋታለን። ካስፈራቻቸው መብራት አበራለሁ፣ ክፍል እንቀይራለን፤ ትሄዳለች። ሐኪማቸው የአንጎል ሕመም ነው አለ፤ እብደትም አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። መርሳት ዋናው ነገሩ አይደለም። ማየት አለው፣ መንቀራፈፍ አለው፣ የእንቅልፍ ጠብ አለው፤ ደህና ሰዓትና ክፉ ሰዓት እየተፈራረቀ።

አባባ ይኸው ነው አልልሽም፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እስክትመልሺልኝ ግን አንድ አደራ አለኝ። የሚያረጋጋ፣ የሚያስተኛ የሚባል ኪኒንም ሆነ መርፌ እንዳይወስዱ። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ዘቢደር


ደባርቅ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘቢዬ፣ ጽዮን ማርያም በቀኟ ትሰውርሽ። መልስሽ አልደረሰኝም። መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ስለሆነ አልፈረድኩብሽም።

ይህን የምጽፍልሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም አግኝተናል።

ጥቅምት ሙሉ መከራ ነበር። አባባ በእንቅልፋቸው «ጅቡ! በጉን ጣለው!» እያሉ ይነሣሉ፣ በትር ይመዛሉ። አንድ ቀን ልይዛቸው ስል ክንዴን አገኙኝ። ሲነጋ የበለዘውን አይተው «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» ብለው ተቆጡልኝ። የበሩ መቃን መታኝ አልኳቸው። ቀን ቀን ደግሞ ልጆቹ በዙ፤ አንድ ፈረስም ገባ። ሰው ሲመጣ በር ላይ እያቆምኩ «ተኝተዋል» ማለት ጀመርኩ።

መጨረሻ ላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ወረፋው ላይ ግማሹ የምናውቀው ሰው ነበር። የተጠየቅሁትን መለስኩ፤ አይተኙም፣ ይጮኻሉ፣ ይማታሉ አልኩ። ሌላውን ዋጥኩት። ስለ ልጆቹም ስለ ፈረሱም ቃል አልወጣኝም። የሚያረጋጋ ነው ብለው ኪኒን ሰጡኝ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ።

ዘቢዬ፣ እንደ ተአምር ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጆቹም አይመጡም። አባባ ጠዋት ያስቀመጥኳቸው ቦታ ማታ ድረስ አሉ። አይጠሩኝም፣ ምንም አይጠይቁም። የሚያስቸግረኝ መመገቡ ብቻ ነው፤ ውሃው ትን ይላቸዋል፤ ምራቃቸውም ይወርዳል። በትራቸውን ከያዙ ደግሞ አይለቁም፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ ነው የምፈታው።

መነጽሩ ይቅር፤ ብራናውን አጣጥፌ አስቀምጫለሁ። ይልቅ በሽተኛ የሚጠጣበት የሚታጠፍ መምጠጫ አለ ይባላል፤ ካገኘሽ እሱን ላኪልኝ።

ዝናሽም ወሬውን ተወችው። ስማቸው ንጹሕ ነው።

አገርነሽ


ዓማን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ ሰላምታውን ሌላ ቀን አሟላልሻለሁ።

ያ ጸጥታ ሰላም አይደለም። አባባ ጸጥ ብለው አያውቁም፤ ሲያስነጥሱ እንኳ ሦስት ቤት ይሰማል። አደርቆ ያስቀመጣቸው ኪኒኑ ነው። ለዚህ ሕመም ያ ዓይነት መድኃኒት መርዝ ሊሆን ይችላል። ለማማ ሱዓድ ሕመሙን ከማወቃችን በፊት አንዱ ሐኪም ሰጥቷቸው አሥራ አንድ ቀን እንደ ሣንቃ ተዘርግተው ነበር። ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚከተለኝ። በጥቅምት ደብዳቤዬ አደራ ያልኩሽ ይህን ነበር፤ እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ምክንያቱን ደበቅሁ። ደብዳቤው አልደረሰሽም መሰለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቢደርስሽ እንኳ ምክንያቱ የጎደለው አደራ ነበር።

ይህ በደረሰሽ ዕለት ጎንደር ውሰጃቸው። ነገ አትበይ። የሚቀጥለውን ፍሬ ከመስጠትሽ በፊት ሐኪም ይየው። ገላቸው ከተኮሰ ሰዓት አትምረጪ። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘሽ ሂጂ። ውሃ ስታጠጪያቸው ቀና አድርገሽ፣ በማንኪያ፣ ቀስ ብለሽ ይሁን፤ በመምጠጫ አይሁን።

መናገር እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ፤ ቅደጂውና ለሐኪሙ ስጪው፤ አንቺ አፍሽን አትከፍቺም።

«አባቴ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው የሌሉ ልጆችን ያያሉ። ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣሉ፤ አንዴ ደህና፣ አንዴ ጭልጥ ይላሉ። ከዓመት ወዲህ ተንቀራፍፈዋል፣ እግራቸውም ይጎተታል። ለብዙ ዓመታት በእንቅልፋቸው ሲዋጉ ኖረዋል። የሚያረጋጋ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ሰውነታቸው ደርቋል፤ መዋጥም አቅቷቸዋል። ሌዊ ቦዲ የሚባለው የአንጎል ሕመም እንዳይሆን ይዩልኝ።»

በስልክ አርባ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አሁንም እየሞከርኩ ነው።

ዘቢደር


ደባርቅ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘቢዬ፣ አባባ አሉ። ይህን መጀመሪያ እንድታነቢው ብዬ ሰላምታውን ወደ ኋላ አደረግሁት። አሁን እንደምን ከረምሽ? የጥምቀት በረከት ይድረስሽ።

ሁለቱም ደብዳቤሽ በአንድ ቀን ነው የደረሰኝ። የጥቅምቱ ጎንደር ላይ ታግቶ ኖሯል። ታኅሣሥ 27 ቀን፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፀጋው ሁለቱን ከነመነጽሩ በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣልኝ። የኋለኛውን ቀድሜ ከፈትኩ፤ ከዚያ የፊተኛውን። «አደራ» ያልሽበት ቦታ ስደርስ፣ በግራ እጄ የያዝኩት የዚያን ዕለት ፍሬ ነበር።

ቄስ ይግዛው ዘንድ ሮጥኩ። የአባባ ተማሪ ነበሩ፤ ዛሬ የደብሩ አለቃ ናቸው። ለበዓሉ ማኅሌት ሽር ጉድ ይሉ ነበር።

«የኔታን ጎንደር ልወስዳቸው ነው፤ የሚሸከም ጎረምሳ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ጎረምሳማ አልሰጥሽም። እሳቸው እኔን ስንት ዓመት ተሸክመዋል! እኔው እመጣለሁ።»

«በዓሉስ አባቴ?»

«በዓሉ ሌላ ካህን አለው።»

እኔ የፈለግሁት የሚሸከም እንጂ የሚሰማ ሰው አልነበረም። አለቃው አጠገቤ ተቀምጠው እንዴት ብዬ እናገራለሁ? መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አባባን ፀጋው ከፊት አስቀመጣቸው፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ በር ላይ ስንታገል ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። ዳባት ላይ አንዲት ቆሎ ሻጭ በመስኮት እጇን ሰድዳ «አባቴ፣ ይቅመሱልኝ» አለቻቸው። አባባ ዘወር አላሉም። ሴትዮዋ ቅር ብሏት ሄደች። ኮሶዬን ስናልፍ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ወረቀትሽን ከደረቴ ሥር በእጄ ይዤ ሄድኩ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አባባን ጎንበስ ብላ አየች፣ ክንዳቸውን አጠፈች ዘረጋች።

«ምን ሆነው ነው?»

«እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው» አልኩ።

«ሌላስ?»

የእኔን ዝምታ ታውቂዋለሽ፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። ካርቶኑን ብቻ ሰጠኋት። ያኔ አባባን የገዛ ምራቃቸው ትን አላቸው። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ፊታቸው ጠቆረ። ወረቀቱን አወጣሁ። ቄስ ይግዛው አይተው ተነሡ።

«የቤት ምስጢር ከሆነ ልውጣላችሁ።»

«ይቀመጡ አባቴ። ይስሙት።»

አንቺ ስጪ እንጂ አንብቢ አላልሽኝም። እኔ ግን ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። ሳልጨርስ የራሴን ጨመርኩበት፤ ሦስት ልጆች ናቸው አልኩ፣ ልብሳቸው ርጥብ ነው፣ ፈረስም አለ፣ በር ላይ ሰው ስመልስ ከርሜያለሁ አልኩ።

«ይህን መጀመሪያ ለምን አልተናገራችሁም?» አለች ሐኪሟ።

«መጽሐፍ ገለበጣቸው እንዳይባሉ ነው።»

ቄስ ይግዛውን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር።

«አባቴም ያይ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ወታደሮች ያይ ነበር። እግሩም እንዲሁ ይጎተት ነበር። ጠበል ወስደን ሰባት ወር አሰርነው። ‹ልጄ፣ እኔ እኮ ማንንም አልነካሁም› ይለኝ ነበር።»

ገናን ሆስፒታል ዋልን። መድኃኒቱን በዚያው ቀን አቆመችው። የሽንት ምርመራ ብላ ኢንፌክሽን አገኘች፤ እሱም ነገሩን ሲያባብሰው ኖሯል። ሁሉንም ባንድ ላይ እያየች፣ አንቺ የገመትሽው ሕመም ሳይሆን አይቀርም አለች። ለእሱ የሚሆን ሌላ መድኃኒት በትንሹ አስጀመረቻቸው። እኔ ግን በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ነው ያመንኳት። በማንኪያ ሾርባ ስሰጣቸው ዋጡና ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ይህ ነገር ጨው አልነካውም እንዴ?»

ቄስ ይግዛው ከክፍሉ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱ።

ሐኪሟ የሕመሙን ስም ስትነግራቸው «ሌዊ?» አሉ። «ስሙ የካህናት ነገድ ነው። ከእኔ ቤት ሌላ የት ሊያድር ኖሯል?» ስሙ የአንድ የውጭ ሐኪም ስም መሆኑን ብትነግራቸውም አልተቀበሏትም።

ለእኔ ግን ብቻችንን ስንሆን ሌላ ነገር ነው ያሉኝ። «የማየውን ደበቅሽው አሉ።»

«ለስምዎ ብዬ ነው አባባ።»

«እኔ አፈርኩ ብዬሽ ነበር?»

ስማቸውን ስጠብቅ እሳቸውን ልጥላቸው ነበር ዘቢዬ።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ሐኪሟ አይድንም ያለች መሰለኝ፤ ደግሜ አልጠየቅኋትም። መጨረሻው ምንድን ነው? አንቺ ታውቂዋለሽ። ማማ ሱዓድስ እንዴት ናቸው?

አገርነሽ


ዓማን፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ ያነበብሽበትን አንደበት እግዚአብሔር ይባርክ። ጾሙን ያለ ሕመም ያስፈጽምሽ።

አንቺ አልደበቅሽኝም፤ እኔም አልደብቅሽም። ማማ ሱዓድ ባለፈው ነሐሴ 30 ቀን ዐርፈዋል። የጥቅምቱን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ክፍላቸው ባዶ ነበር። ያሉ አስመስዬ የጻፍኩት፣ የአባባን ሞት በእሳቸው ሞት ውስጥ እንዳታነቢው ብዬ ነው። ለእኔም ቢሆን ወረቀቱ ላይ ትንሽ አቆይቻቸዋለሁ። አሁን ሌላ ቤት መንታ ሕፃናት ነው የምጠብቀው። ውሌ እስከ መጪው ዓመት ሰኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ልመጣ አልችልም። ይህንንም እያድበሰበስኩ ነበር የኖርኩት።

አይድንም እታለም። ማማ ሱዓድ ሕመሙ ከታየባቸው በኋላ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ ያነሰ የሚቆይም የበለጠም አለ። እየቆየ መውደቅ ይበዛል፣ መዋጥ ይከብዳል፣ ደህናው ሰዓት ያጥራል። ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ደህና ሰዓት ነበራቸው። በአንዱ እጄን ይዘው «አንቺ የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። «ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ያልጠየቁኝን።

ደህና ሰዓታቸውን አስተውለሽ ያዢ። የአባባ ጠዋት ይመስለኛል፤ ሰው ያኔ ይምጣባቸው፣ የሚጠየቁትም ያኔ ይጠየቁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መብራት አብሪ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢና ካፖርት አውርጂ፤ ሲመሽ ሰው ይሆናል። ሲነሡ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ይተንፍሱ፣ ከዚያ ይቁሙ። ሆዳቸው እንዳይደርቅ ተልባ በጥብጪላቸው። በትሩን ከመኝታቸው አርቂ፤ መኝታቸውም ከመሬት ብዙ ከፍ አይበል። በእንቅልፋቸው ሲዋጉ አትያዣቸው፤ ከራቅ ብለሽ በስማቸው ጥሪያቸው። ማንኛውም ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲያዝ የሕመሙን ስም ቀድመሽ ንገሪ። አንቺ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ሌላ ክፍል ተኚ፤ ሰው ይተካሽ። ይህን የመጨረሻውን እንደማትፈጽሚው ስለማውቅ ለቄስ ይግዛውም ለብቻ ጽፌላቸዋለሁ።

ለሰው እናት የተማርኩትን ነው የምልክልሽ። እጄን መላክ አልቻልኩም።

ዘቢደር


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘቢዬ፣ የትንሣኤው ደስታ ቤትሽን ያንኳኳ። ማማ ሱዓድን እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልሽ፤ አባባ ከእኛ ሙታን ጋር ስማቸውን እየጠሩ ነው። ክርስቲያን አይደሉም ብላቸው «እህል ውሃ ያበላሽ ማን ነው?» ብለው ዘጉኝ።

ያዘዝሽውን አድርጌያለሁ። ጋቢው ከግድግዳው ወረደ፤ ፈረሱም አብሮ ሄደ፤ ለካ ጋቢው ኖሯል። ልጆቹ ግን አልሄዱም። አያስፈሩም፤ ተውናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ቄስ ይግዛው ተራ አስይዘው ሰው ይልካሉ፤ እኔም ጓዳ ገብቼ እንደ ድንጋይ እተኛለሁ።

መራመዱ ግን ከብዶ ነበር። ደፉ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት ይጣበቃል፤ ብጎትታቸው ሊወድቁ ይደርሳሉ። አንድ ቀን ቄስ ይግዛው አይተው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ፣ በማኅሌት ጊዜ እንደሚያደርጉት፣ ዜማ አነሡ። አባባ ዜማውን ተቀበሉና እግራቸው ተነሣ። ደፉን እንደ ወጣት አለፉት! አሁን በር ላይ ስንደርስ እኔም በእጄ አጨበጭባለሁ። ዝናሽ በአጥሩ በኩል «ሽንት ቤት በወረብ የሚሄድ ሰው ያየሁት የኔታን ብቻ ነው» ትላለች። አባባ ሰምተው «ያንቺው ባል በዝምታ ሄዶ ምን አተረፈ?» አሏት።

ለዝናሽ ራሴ ነገርኳት። ለሰንበቴው ማኅበርተኛም ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ሕመም ነው፣ ስሙ ይህ ነው፣ ክታብ አይደለም አልኩና ተቀመጥኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የቀረውን ቄስ ይግዛው በአባታቸው ታሪክ ሞሉት። ሁሉም አላመነም። ሁለት ቤት ዳዊቱን መልሰዋል፤ አባባ ተቀብለው «ቀለሙ አልደበዘዘም» አሉ እንጂ አላዘኑም። የሚጠይቃቸው ሰው ግን መምጣት ጀምሯል፣ ጠዋት ጠዋት።

ከአባባ ጋር አንድ ልማድ አወጣን። እንግዳ ሲያዩ ዞር ብለው «አለ?» ይሉኛል። ካለ አለ፣ ከሌለ የለም እላቸዋለሁ። እውነቱን ልነግራቸው ቃል ገብቻለሁ። ቄስ ይግዛው ሲገቡ «ይግዛው አለ?» ሲሉኝ፣ እሳቸው ከበር ሆነው «እስካሁን አለሁ የኔታ» ይላሉ። አባባ ይስቃሉ። የሌሉትን ደግሞ «እንግዲያ ይሂዱ» ብለው በእጃቸው ያሰናብታሉ።

ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከሰዓት በኋላ የሰፋሁትን እያጣጠፍኩ ነበር። በሩ አጠገብ ያለውን መደብ ትክ ብለው አዩና ፊታቸው በራ።

«አገሬ።»

«አቤት አባባ።»

«ዘቢደር አለች?»

አለች ልል ነበር ዘቢዬ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን ከዋሸኋቸው ግን ሁለተኛ አይጠይቁኝም።

«የለችም አባባ። ዓማን ናት፤ ደህና ናት።»

ዓይናቸውን ከመደቡ ላይ አላነሡም።

«እንግዲያ አታስነሺያት» አሉኝ። «ደክሟታል፤ ትቀመጥ።»

ያጣጠፍኩትን ልብስ መደቡ ላይ ላደርገው ይዤው ነበር። መሬት አስቀመጥኩት። በኋላ ዝናሽ ስትገባ መደቡ ጋ ሳትደርስ በርጩማ አመጣሁላት። እስኪመሽ ድረስ ማንም እዚያ አልተቀመጠም።

እህትሽ አገርነሽ